ከዋንጫዎቹ መካከል የተቀመጠው ድንጋይ

አሰልጣኝን የሚያባርረው ውጤት ነው ይባላል። አይደለም። ወንድሜ የተባረረው ቡድኑ እያሸነፈ ነው። ተጫዋቾቹ ይታዘዙት ነበር፤ ቡድኑ ከሠንጠረዡ አናት ብዙም አይርቅም ነበር፤ የስፖርት ጋዜጠኞቹም ስሙን ሳያበላሹ መጥራት ጀምረው ነበር። ውጤት ማለት አሰልጣኝ ከተባረረ በኋላ የሚፈለግለት ምክንያት ነው። ከተሸነፈ ምክንያቱ እጅ ላይ ነው፤ ካሸነፈ ትንሽ መፈለግ ይጠይቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው እግር ኳስ ስለምወድ አይደለም። አልወድም። ልብሳቸውን አሳምረው የወጡ የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ የአንድ የማያውቁትን ዳኛ እናት ሲሰድቡ የሚውሉበት ጨዋታ ነው። ስለ አሰልጣኞች የተጻፈውን ግን ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጌ ነበር። መጻሕፍቱ አሰልጣኝን የጦር አዛዥ ያደርጉታል፣ ነቢይ ያደርጉታል፣ አንዳንዱ ደፍሮ ፈላስፋ ያደርገዋል። እኔ በቅርብ ያየሁት አሰልጣኝ ግን የሜዳውን ሣር የሚያጠጣውን ሰውዬ ሲለማመጥ የሚያረፍድ፣ ከተጫዋቾቹ ሚስቶች ጋር በስልክ ሲከራከር የሚያመሽ፣ በሰንበት ሲሠራ ውሎ እናቱ ፊት ለመግባት የሚያፍር ሰው ነው።

ወንድሜ እዚህ እስራኤል አገር የገባው በእናታችን ጀርባ ታዝሎ ነው። እኔ በሱዳን በኩል የመጣንበትን መንገድ በእግሬ ሄጄዋለሁ፤ እሱ አያስታውሰውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እሱ ሯጭ፣ እኔ ተቀማጭ የሆንነው። ናታንያ ውስጥ አደገ፤ በቀኝ ተከላካይነት ተጫወተ፤ ጉልበቱ ሲከዳው የአሰልጣኝነት ትምህርት ተማረና ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። ረዳት አሰልጣኝ ማለት ዋናው ሲባረር ቦርሳውን እስከ መኪናው የሚሸኝለት ሰው ማለት ነው። ወንድሜ የብዙዎችን ቦርሳ ሸኝቷል። በመጨረሻ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ሲል፣ ስም ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን እምቢ ባለበት ሰሞን፣ "ለጊዜው አንተ ያዘው" አሉት። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሆነ። ቡድኑን ከመውረድ አተረፈው። በሚቀጥለው ዓመትም ያሸንፍ ጀመር። "ጊዜያዊ" የሚለውን ቃል ግን ማንም አላነሣለትም።

የክለቡን ስም አልጽፍም። ከናታንያ ወጣ ብላ ያለች የትንሽ ከተማ ክለብ ነው ብል ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የእኛ ሰው፣ ቤተ እስራኤሉ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ። ራማት የዲዲም ውስጥ፣ እናታችን በምትኖርበት ሰፈር፣ የሱቁ በር ላይ ለጠፉት። ስብሰባ ለስብሰባ ይጠሩት ጀመር። አንዱ ላይ አብሬው ነበርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስለ ክሊታ ጠየቀው፤ ክሊታ የሚሉት አዲስ መጪን አገሩ የሚቀበልበትን መንገድ ነው። ስለ ወጣቱ ጠየቁት። ስለ ቀለም ጠየቁት። ቡድኑ ከማዕዘን ምት ለምን ብዙ ጎል እንደሚገባበት የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። እሱ ግን ሌሊት የማያስተኛው ያ የማዕዘን ምት ነበር። ኩራታችን ነህ እያሉ ያጨበጨቡለት ሰዎች ስለ ሥራው አንዲት ነገር ማወቅ አልፈለጉም። የሥራውን ነገር ካነሣን፣ እናታችንም አንድ ጨዋታ እንኳ አይታለት አታውቅም፤ ጨዋታው ሁሉ የሚውለው በሰንበት፣ በቅዳሜ ነውና።

የክለቡ ባለቤት ለናታንያ ቅርብ በሆነችው ቴል ሞንድ ይኖራል። አባቱ የብርቱካን እርሻ ነበረው ይባላል፤ እሱ በቧንቧ ዕቃ ንግድ ከብሯል። ሳቂታ ሰው ነው። ወንድሜን ባየው ቁጥር ማጅራቱን በመዳፉ ጠፍ ያደርግና "አሒ" ይለዋል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔ ወንድሜን በወንድምነቱ ለማወቅ ማጅራቱን መምታት አስፈልጎኝ አያውቅም።

ጠቡ የመጣው በአንድ አጥቂ ነው። ባለቤቱ ከማንም ጋር ሳይማከር፣ ድሮ በትልቁ ሊግ ስሙ የታወቀ፣ አሁን ግን ከኳሱ ይልቅ ትንፋሹን የሚያሳድድ አጥቂ አመጣ። ወንድሜ በልምምድ አየውና ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ባለቤቱ ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ገባ። ቡድኑ እየመራ ነው።

"ሰውዬውን አስገባው" አለ።

"እየመራን ነው" አለው ወንድሜ።

"ስለ ውጤቱ አልጠየቅኩህም።"

ልብ በሉ፤ ይህን ያለው ባለቤቱ ራሱ ነው።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚጫወት የምናገረው እኔ ነኝ" አለው ወንድሜ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ እየሰሙ። "በሩ ከኋላህ ነው። ውጣልኝ።"

ባለቤቱ ወጣ። ቡድኑ አሸነፈ።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ዝም አለ። ስልክ አይደውልም፣ ልምምድ አይመጣም፣ አሒ የለ ምን የለ። በሳምንቱ ከወንድሜ ጋር ናታንያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ባለው የባሕር ዳር መንገድ ስንሄድ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ።

"አያ፣ ሊያባርረኝ አልቻለም" አለ። "ምክንያት የለውም። እያሸነፍን ነው።"

"ምክንያት ያጣ ባለሀብት አይተህ ታውቃለህ?"

"ስማኝ እንጂ። ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው። አሁን እኔን ቢያባርር ጋዜጣው ምን ይለዋል?"

እውነቱን ነበር። ወጣቶቻችን የፖሊስን ዱላ ተቃውመው ቴል አቪቭ ላይ መንገድ የዘጉበት ሰሞን ነው። ቴሌቪዥኑ በየምሽቱ የሚያሳየው የእኛን ፊት፣ ጭስና ፈረስ ነበር። በዚያ ሰሞን የሚያሸንፍ ጥቁር አሰልጣኝ ማባረር ለነጋዴ አይመችም።

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ምንም። ዝም እላለሁ። እሱም ዝም ይላል። ዓመቱ ካለቀ ከላይ ያለው ሊግ እንገባለን፤ ያኔ ሌላም ክለብ ይፈልገኛል። የሚያስፈልገኝ ዝምታ ብቻ ነው። ማንም ምንም እንዳይነካ።"

ይህን ሲል ከፊታችን አንድ ቤተሰብ አስቆመን። አባትየው "አሰልጣኝ! ኩራታችን!" አለና ፎቶ አነሣው። ወንድሜ ሳቀለት። እኔ አልሳቅኩም።

ዝምታ የሚያስፈልገው ሰው ግን ከእኛ ቤተሰብ መወለድ አልነበረበትም። ወሬው በአማርኛ ሬዲዮ ወጣ። አሰልጣኙና የክለቡ ባለቤት ተጣሉ ተባለ። እናቴ ሰማች። እናቴ ስትሰማ ለአጎቴ ነገረች። አጎቴ ሲሰሙ ቄሱን ጠሩ፤ ቄሱ ደግሞ ሌላ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እኔ በተጠራሁ ጊዜ ሦስቱም ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እናቴ ሳሎን ተደርድረው ነበር።

"ዕብራይስጡን አንተ ትነግርልናለህ" አሉኝ አጎቴ። "ወንድምህን ከጌታው ልናስታርቀው ነው።"

"ጌታው አይደለም አጎቴ። አሠሪው ነው።"

"እንጀራውን የሚሰጠው ሰው አይደል? ያው ነው።"

"ወንድሜ ግን አልበደለም። ሰውዬው ነው ከማያገባው የገባው።"

"ማን በደለ ብዬ ጠየቅኩህ?" አሉኝ፣ እንደ ልጅነቴ ዓይናቸውን አፍጥጠው። "ማን በደለ የምትለው እዚያ ፍርድ ቤት ነው። እኛ እርቅ ነው የምንፈልገው። ታናሹ ዝቅ ይላል፣ ታላቁ ይቅር ይላል፣ አለቀ።"

አንድ ተስፋ የጣልኩት በቄሱ ላይ ነበር። ቄሱ ጺማቸውን እየዳበሱ፣

"እኔን የከበደኝ ሌላ ነው" አሉ። "ይህ ልጅ በሰንበት ነው የሚሠራው። ሰንበት የሚሽርበትን ሥራ እንዲመልሱለት ልለምን ነውን?"

"እውነትዎን ነው አባ" አልኩ በችኮላ። "ባይሄዱ ይሻላል።"

አጎቴ ገና አፌን ሳልዘጋ፣ "ሰንበት የሻረውን ለፈጣሪው ይመልስ" አሉ። "ያ በሁለቱ መካከል ነው። እኛ የምናስታርቀው ከሰው ጋር ነው።"

ቄሱ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ ሰው ዘንድ ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ በመጨረሻ የተናገረው ትልቅ ሰው ከሆነ።

"እሺ ወንድሜ ያውቃል?" አልኩ።

"ቢያውቅ እሺ ይል ነበር?"

"አይልም።"

"እንግዲያ ለምን እንነግረዋለን?"

ወደ ደረጃው ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩለት። ልምምድ ላይ ነበር፤ በልምምድ ሰዓት ስልኩ መልበሻ ክፍል ነው የሚቀመጠው። መልእክት ተውኩለት፤ ክለቡ ቢሮም ደወልኩ፣ የሚያነሣ የለም። ስመለስ አጎቴ የሉም። ወደ ግቢው ወርደው ድንጋይ እየፈለጉ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በመጣንበት አገር፣ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ጎንበስ ይላል። ተበዳዩ "አውርድ፣ ይቅር ብያለሁ" እስኪለው ድረስ አያወርደውም። ሽማግሌዎቹም አይቀመጡም፣ ውሃም አይቀምሱም። ድንጋዩ ከባድ መሆን አለበት፤ ቀላል ከሆነ ይቅርታውም ይቀልላል። በአንድ ሸለቆ ውስጥ አብረው ለሚኖሩ፣ ነገ አንዱ የሌላውን በሬ ለሚፈልግ ሰዎች፣ ጥሩ ሥርዓት ነው። ቴል ሞንድ ውስጥ ግን ማንም የማንንም በሬ አይፈልግም።

ናታንያ ደግሞ የአሸዋ አገር ናት፤ ደህና ድንጋይ አይገኝባትም። አጎቴ ከአበባው መደብ ዙሪያ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን ነቀነቁና ነቀሉት። እናቴ ከሰገነቱ ላይ ሆና፣ "የማዘጋጃ ቤቱን ነው እኮ!" ትላለች።

"እመልሰዋለሁ!"

"ድንጋዩንስ ማን ሊሸከም ነው?" አልኩ። "የሚሸከመው የበደለው ነው። እሱ የለ።"

"ልጁ የኔ ልጅ ነው። አባቱ ባይኖር አባቱ እኔ ነኝ። እኔ እሸከምለታለሁ" አሉ፤ ድንጋዩንም ከጋቢያቸው ሥር አስገቡት። የሰባ ዓመት ሰው መሆናቸውን ያወቁት ያኔ ሳይሆን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ነው። ዝምተኛው ሽማግሌ ከኋላ ደገፏቸው።

የአውቶቡሱ ሾፌር የሚንጠለጠለውን ጋቢ አየና በዕብራይስጥ፣ "አባት፣ ምን ተሸክመሃል? ሐብሐብ ነው?" አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ አጎቴ።

"ሐብሐብ ነው ወይ ነው የሚለው።"

"ድንጋይ ነው በለው።"

አልኩት። ሾፌሩ በመስተዋቱ ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አያቸው፤ እኔንም አየኝ፤ ከዚያ እስከ ቴል ሞንድ ድረስ ከመንገዱ ይልቅ መስተዋቱን እያየ ነዳ።

የባለቤቱ ቤት በር ላይ ካሜራ አለ። ደወሉን ተጫንኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ሥርዓቱ ተደረደሩ፤ ቄሱ በቀኝ፣ ዝምተኛው በግራ፣ አጎቴ ከመሐል። ከአጥሩ በላይ ከአባቱ እርሻ የተረፉ ብርቱካኖች ይታያሉ። አጎቴ ድንጋዩን ወደ ማጅራታቸው ለማውጣት በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሡት።

በሩ የተከፈተው በዚያች ቅጽበት ነው።

ባለቤቱ ያየውን እኔም በእሱ ዓይን አየሁት። በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚያየው ፊት ደጁ መጥቷል፤ ፊቱም ድንጋይ አንሥቷል። በሩ ተዘጋ። ከደወሉ ሣጥን ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ፖሊስ እየጠራሁ ነው!"

"ጌታዬ፣ አይጥሩ" አልኩ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብዬ። "የአሰልጣኙ ወንድም ነኝ። ሽማግሌዎች ናቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡት።"

"በድንጋይ?"

"በድንጋይ።"

በሣጥን ውስጥ ስለ አንድ ሕዝብ ሥርዓት ማስረዳት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። የማስረዳው እኔ ነኝ፣ የሚታየው ግን ድንጋዩ ነው። አጎቴ ከጎኔ አጎንብሰው ይተነፍሳሉ። "ምን ያወራል? አውርድ በለኝ አላለም?" ይሉኛል።

በመጨረሻ በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ። ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጣና የሸመገሉትን ሰዎች አየ፤ ከድንጋዩ ሥር የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አየ። ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ሲሄድና በቦታው ሌላ ነገር ሲመጣ አየሁ። ያ የመጣው ነገር ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

"አውርድ ይበሏቸው" አልኩት። "አውርድ ካላሏቸው አያወርዱም። ሥርዓቱ ነው።"

"እኔ ነኝ የምለው?"

"እርስዎ ብቻ።"

"ካላልኩስ?"

"ቆመው ይቀራሉ። እባክዎ፣ ሽማግሌ ናቸው።"

ወዲያው አላለም። ክንዱን አጣጥፎ ከበሩ መቃን ጋር ተደገፈ።

"ቆይ፣ በደንብ ይግባኝ" አለ። "ይህን የሚሸከመው ያጠፋ ሰው ነው አይደል? እንግዲህ አሰልጣኙ ጥፋተኛ መሆኑን ያምናል ማለት ነው?"

"ሽማግሌዎቹ የመጡት ለእርቅ ነው፤ ወንድሜ የሚያውቀው ነገር የለም..."

"አንተን አልጠየቅኩም። እሱን ጠይቀው። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?"

መተርጎም አላስፈለገም። አጎቴ ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖረው የለመዷቸው የዕብራይስጥ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ጥፋተኛ የሚለው አንዱ ነው፣ አዎ የሚለው ሌላው። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ከድንጋዩ ሥር፣ "ከን! ከን!" አሉ። አዎ፣ አዎ። በእሳቸው አገር ያ ቃል ምንም አይጎዳም። ታናሹ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ታላቁ ኧረ የለም አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም አጥፍቻለሁ ይላል፣ ይሳሳማሉ። ታላቁ ድርሻውን ሳይናገር ቀርቶ አይተው አያውቁም። ዛሬም የሚጠብቁት እሱን ነበር።

ባለቤቱ ድርሻውን አልተናገረም። "ቆይ፣ አንድ ፎቶ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ፎቶ መሆኑን ሲያውቁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አጎቴ ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ እንዳለ ፊታቸውን ወደ ስልኩ ቀና ለማድረግ ታገሉ። ከዚያ በኋላ ነው "ቤሴደር፣ ቤሴደር፣ እሺ፣ ያውርደው፤ አሰልጣኙ ይቆያል" ያለው። ጭማቂም አመጣልን። ቄሱ መረቁት። አጎቴ ድንጋዩን መልሰው ሊይዙ ሲሉ ባለቤቱ፣ "ይህንን ለእኔ ተዉልኝ፣ ማስታወሻ ይሁነኝ" አለ።

"ምን አለ?"

"ድንጋዩን ልያዘው ይላል።"

አጎቴ ደስ አላቸው። "ይያዘው! እርቁን ከልቡ ወዶታል" አሉ። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ አንገታቸውን እያሹ፣ "አየህ፣ ትምህርት ብቻውን ሰው አያደርግም" አሉኝ። ስልኬን አየሁ። ወንድሜ መልሶ መላልሶ ደውሏል።

ፎቶው እኛ ናታንያ ሳንገባ በክለቡ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ ባለቤቱ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ "አሰልጣኛችን ይቅርታ ጠየቀ።" ተጫዋቾቹ የሳቁባቸውን ምልክቶች አልቆጥርም።

አሰልጣኝ ያለው ሀብት አንድ ነው። ትምህርት አይደለም፣ ሥዕል የተሣለበት ነጭ ሰሌዳም አይደለም። "ውጣ" ሲል ሰው የሚወጣለት መሆኑ ነው። ያ ከፎቶው ጋር ሄደ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ያ አጥቂ ከሜዳው ዳር ካለው የአጥር ግንብ ላይ አንድ ጡብ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወደ ወንድሜ እንደመጣና ሜዳው በሳቅ እንደፈረሰ፣ ረዳቱ ነግሮኛል። ወንድሜ አልነገረኝም። ያን ቀን የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አያ፣ ዝምታ ብቻ ነበር የፈለግኩት።"

በሚቀጥለው ጨዋታ አጥቂውን እንደገና ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ባለቤቱ እንደገና በእረፍት ሰዓት ገባ። እንደገና አስገባው አለ። ወንድሜ እንደገና በሩን አሳየው። በዚህ ጊዜ ግን ባለቤቱ አልወጣም።

"የገዛ አባቶችህ ጥፋተኛ ነው ብለዋል" አለው፣ እየሳቀ። "ከእነሱ ይበልጥ ታውቃለህ?"

ተጫዋቾቹ ወለሉን አዩ። ወንድሜ ሹራቡን ለበሰና ወጥቶ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። አጥቂው አልገባም። ቡድኑ አሸነፈ። ማታውኑ አሰናበቱት።

የክለቡ መግለጫ "ሙያዊ ምክንያቶች" ይላል። የእኛ ሰው "ቆዳው ነው" አለ፤ በሬዲዮም በአዳራሹም። ሁለቱም ወገን ነገሩን አቀለሉት። ቆዳው አልነበረም አልልም። ባለቤቱን ያን ሁሉ ቀን ዝም ያሰኘው ቆዳው ነበር፤ ምክንያት እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር። ምክንያቱን ጋቢ አልብሰን፣ አውቶቡስ አሳፍረን፣ በሩ ድረስ የወሰድንለት እኛ ነን። ይህን አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ ብናገር "አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ተቃራኒ ነህ" ይሉኛል። ተናግሬአለሁ፤ ብለውኛል።

ሌሎች ክለቦች ጠርተውት ነበር። አንዱ ሊቀ መንበር ስለ አጨዋወት ስልቱ ካስወራው በኋላ፣ ሊሰናበተው ሲነሣ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የድንጋዩ ነገር እውነት ነው?" አለው። ያ ሥራ አልተገኘም፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም። የአንድ ሰው ሙያ በጥፋት ያልቃል ብለን እንፈራለን። የወንድሜ ሙያ ያለቀው በቀልድ ነው፤ ከጥፋት ደግሞ ቀልድ ይከፋል፣ ጥፋት መልስ አለው፣ ቀልድ የለውም።

አሁን ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነው። የሚፈስ ቧንቧ ሲያይ የማን መደብር ዕቃ እንደሆነ ያውቃል፤ አይናገርም። ሰንበት ነፃ ነው። እናቴ እጅግ ደስ ብሏታል። ልጇ ስንት ዘመን ቆይቶ በሰንበት ቀን ገበታዋ ላይ ተቀመጠላት፤ ፈጣሪ ጸሎቴን ሰማኝ ትላለች። እኔ በዚህ ጸሎት ላይ የምለው አለኝ፤ እናቴ ስለሆነች አልለውም።

ከተባረረ በኋላ በመጀመሪያው ሰንበት አጎቴ መጡ። ስለ ኳስ ምንም አያውቁም፤ ማን እንዳሸነፈም የሚነግራቸው የለም። ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እርቁ ፈረሰ እንዴ?" አሉት።

ያን ጊዜ ወንድሜን አየሁት። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ፎቶውን ከስልኩ አውጥቶ ቢያሳያቸው ይበቃው ነበር። እኔ ብሆን አሳይ ነበር፤ እንዲያውም እንዲያሳያቸው ፈልጌ ነበር።

"አልፈረሰም አጎቴ" አለ። "እርቁ ይዟል።"

"ታዲያ ለምን አስወጣህ?"

"ውጤት ነው። ተሸነፍን። አሰልጣኝን የሚያባርረው ውጤት ነው፤ በሁሉም አገር እንዲህ ነው።"

አጎቴ በረዥሙ ተነፈሱ፤ ማጅራታቸውን ዳበሱ። "ኳስ ነው፣ ምን ይደረግ" አሉ። "እኔ እኮ የተሸከምኩት በከንቱ ሆነ ብዬ ነበር።" ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው።

ድንጋዩ ዛሬም ክለቡ ቢሮ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከዋንጫዎቹ መካከል ተቀምጧል። ያየ ሰው ነግሮኛል። የአበባው መደብ ደግሞ እስከ አሁን አንድ ድንጋይ ይጎድለዋል፤ አጎቴ በዚያ ሲያልፉ ያዩትና ፈገግ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ እዚያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ይህን አያነቡም። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ ሰው ካገኙ ደግሞ ስለ ወንድሜ መጠየቅ ይወዳሉ።

አንተ ይህን አንብበሃል። ካገኘሃቸውና ከጠየቁህ፣ ውጤት ነው በላቸው። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።